የልብስ ማስጫው ገመድ

ጽሑፉን ያየችው ለጎረቤቶቿ ከምታጥበው ልብስ የመጨረሻውን አንሶላ ካሰጣች በኋላ ነው። በገመዱ ጥቁር ልባስ ላይ፣ በሁለት መቆንጠጫዎች መካከል፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ነጭ ፊደል ነበር፤ "የባቡር ድርጅት ንብረት"።

ገመዱን የዘረጋው በያጁ ልጇ ነው፤ አሮጌው ተበጥሶ ልብሱ ሁሉ ጭቃ ላይ በወደቀ ማግስት። "አሁን ዝሆን ብታሰጪበት አይበጠስም" ሲላት መርቃው ነበር። በዚያው ሰሞን ነው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆርጦበት ባቡሩ ከነተሳፋሪው ሜዳ ላይ ያደረው። ፖሊስ ቤት ለቤት እየፈተሸ ነው ይባላል።

ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ፣ እንዲያው ለአንድ ዘመዴ ልጠይቅዎ። ሰው ቤት የባቡር ገመድ ቢገኝ፣ ትንሽ ብቻ፣ የሚያየው እዚሁ የኛው ዳኛ ነው አይደል?"

ሽማግሌው አንሶላዎቹን አየ፤ ቀጥሎ እሷን።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዘመድሽ አንሶላ ያሰጣበታል?"

አቀረቀረች።

"የጎረቤቱን በር የሰበረ እዚሁ ይዳኛል። ባቡሩ ግን የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ንብረቱን የነካ ሰው ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። የገመዱን ርዝመት አይደለም የሚያዩት፣ ባለቤቱን ነው።"

"የልብስ ማስጫ እኮ ነው፣ ጋሼ!"

"እነሱ ዘንድ ማስረጃ ነው።"

"ችሎቱስ የት ነው?"

"ዋናው ከተማ። ተከሳሹንም እዚያው ነው የሚያቆዩት።" ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ ልጄ፤ ሳያውቅ የገዛና አውቆ የደበቀ አንድ አይደሉም።"

ዋናው ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። እዚያ ማንን ታውቃለች? ልጇ በፍርግርግ ማዶ ከስቶ ታያት፤ ስንቁን ይዛ የምታድርበት አጥታ ስትንከራተትም ታያት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቷ። ገመዱን ብታወርደው ጎረቤት ይጠይቃል፤ ብትተወው ፖሊስ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር በስንጥቁ እያጮለቀች ዋለች።

ልጇ ሲመሽ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ነገረችው።

"ከቁራሌው ነው የገዛሁት፣ እማዬ።"

"ጽሑፉን አላየህም?"

"ከነአቧራው ነው የሰጠኝ።" ወለሉን አየ። "በቃ፣ ልባሱን ልጬ መዳቡን እሸጠዋለሁ። ካልሆነም አሁኑኑ ገደል ልጣለው።"

"መዳብ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"በያጅ ነኝ እኮ! እናቴም ልትመረምሪኝ ነው?"

ልታምነው ፈለገች። ግማሽ ልቧ አመነው።

"ነገ ፖሊስ ጣቢያ ይዘነው እንሄዳለን። ቁራሌውን ትጠቁማለህ።"

"እሱ ቢክድስ? እኔን አይደል የሚያስሩኝ?"

ወጥታ ያልደረቀውን ልብስ ሰበሰበች፤ አሮጌውን ገመድ ቋጥራ ቋጥራ መልሳ ዘረጋችው። መልሳ ስታሰጣው የጎረቤቶቿ አንሶላ ጫፍ መሬት ነካ። ጥቁሩን ገመድ ጠቅልላ ስትመለስ ልጇ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል።

"አምጪው እማዬ። ማንም አያየኝም።"

"እኔ አይቼሃለሁ" አለችው።

ጥቅሉን ከአልጋዋ እግር ጋር አሰረችው። ከዚያ በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችና ቁልፉን እንደወትሮው ሚስማሩ ላይ በመስቀል ፈንታ ጡቷ ሥር ከተተችው።