ኮምፒዩተሩ የረሳኝ ዓርብ

ማክሰኞ ዕለት ኦሊያድ የሚባል የማዘጋጃ ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መጥቶ እኛን ዓሣ ሻጮቹን የማኅበራችን ቢሮ ሰበሰበን። በአዲሱ ዓሣ ተራ መደብ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ለተመዘገበ ብቻ ነው ተባለ። ያልተመዘገበ ከሐይቁ ዳር ይነሳል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነው የሸጥኩት፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

«ዛሬ ሙከራ ነው፤ የመጣላችሁን ጻፉ» አለ ኦሊያድ።

ጎረቤቴ ፈትያ ስሟን «የሐይቁ ንግሥት»፣ ዕድሜዋን አሥራ ሁለት ብላ ሞላች። ተሳቀ። እኔ ፎርም ላይ መዋሸት አልወድም። መታወቂያዬን አውጥቼ ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቤት ቁጥሬን በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ጻፍኩ። ከሦስተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ በአረንጓዴ «ተመዝግበዋል» የሚል ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ወደ ዓሣዬ ሄድኩ።

ዓርብ ከሰዓት ፈትያ «ተመዘገብሽ?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«አንቺ ሴትዮ! ያ እኮ መለማመጃ ነበር!»

ዓሣዬን እንኳ ሳልሸፍን ወደ ቢሮው ሮጥኩ። ፈትያም ተከተለችኝ።

ኦሊያድ ስሜን ፈለገ፤ የለም። «እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ ረቡዕ ዋናው ምዝገባ ሲጀመር የሙከራውን በሙሉ አጥፍቼዋለሁ» አለኝ። ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር፤ ምዝገባው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

«እንግዲያው አንተ ጻፍልኝ።»

«አይፈቀድልኝም። ደላላ በሰው ስም እንዳይመዘገብ ባለቤቷ ራሷ ትሙላ ተብሏል። ብቻ ቶሎ ይበሉ። ማክሰኞ ያልነበረ የሰዓት ገደብ ጨምሬበታለሁ፤ ገብተው አሥር ደቂቃ ካለፈ ኮምፒዩተሩ ይረሳዎታል።»

ጀመርኩ። አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቦታ መንካት ነው። የአያቴ ስም ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፍቶ ባዶው ፎርም ተመልሶ መጣ። እንደገና ጀመርኩ። ያወጣሁትን ፊደል መልሼ አጠፋለሁ።

«ወለቴ ብለሽ አሳጥሪው!» ትላለች ፈትያ ከኋላዬ።

«መታወቂያው ላይ ወለቴ አይልም!»

እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው የቤት ቁጥሬን ስጽፍ «ምዝገባው ተዘግቷል» አለኝ።

«ለምን አሥር ደቂቃ አደረግከው?» አልኩት።

«ሞክሬዋለሁ። እኔ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩ።»

«ማክሰኞ እኔን ስትሞክር አንድ ሰዓት መፍጀቴን አላየህም?»

ኮምፒዩተሩን መዝጋት ጀመረ።

«ተመዝግበዋል ያለኝ ያንተ ኮምፒዩተር ነው። እሱን ጽፈህ ፈርምልኝ፤ ሰኞ አለቆችህ ፊት ይዤው እቆማለሁ።»

«ከሥራ ያስወጡኛል፣ እትዬ።»

«እኔስ ከየት ልወጣ ነው?»

ፈትያ ክንዴን ጎተተችኝ፤ ወንበሩን ያዝኩ። ዘበኛው ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ኦሊያድ ወረቀት ስቦ ስሜን ጻፈ፤ ከዚያ እጁ ቆመ።

«እስክሪብቶው አለቀ?»

«አይ።»

«ቀጥላ።»

አልቀጠለም። እኔም አልተነሳሁም።