ስም የሌለው ሸክላ

ኦርላንዶ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ገንዳ ውስጥ ዘፍዝፎ መሃላቸው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የሚልጠው፣ ስማቸውን ማንም እንዳያነብበት ነበር። ብሮንክስ ውስጥ ጥሩ ከበሮ ያለበትን ሸክላ ስም ለሌላ ዲጄ የሚናገር ሰው የለም። ጆሮ ያለው ራሱ ፈልጎ ያግኝ ነው ነገሩ።

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ኦርላንዶ ሙዚቃ የሚያጫውትበት የሰፈሩ መናፈሻ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከሚስ ኦርሊን የወጥ ቤት መስኮት በተዘረጋ ገመድ ነው። አሮጊቷ ባለፈው ሳምንት እዚሁ በድብድብ ጥርስ ሲረግፍ አይተዋል።

"ስማ ኦርላንዶ፣ ዛሬ አንድ ሰው እጁን ቢያነሳ ገመዱን እነቅለዋለሁ። ሁለተኛም አልሰካልህ" ብለውታል።

ሌላ የሚለመን መስኮት አልነበረም። የቀሩት ሕንጻዎች ተቃጥለው ኦና ሆነዋል።

ጥርስ ያረገፉት የላይኛው መንገድ ልጆች ደግሞ ከች አሉ። ከፊት የሚመራቸው ዲጄያቸው ሴድሪክ ነው።

"አንተ፣ ያ የማጉያ ሳጥንህ ድምፅ ያወጣል ወይስ ርግብ ነው የምታረባበት?"

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ወደ ቨርና ዞሩ። ማይኩን የምትይዘው እሷ ናት። "በያ፣ ንገሪው" አሏት። ኦርላንዶ ግን ትናንት ደረጃው ላይ ተቀምጣ በሴድሪክ ላይ የገጠመችውን ሰምቷል፤ ደም የሚያፋስስ ግጥም ነው። አፏን ሳትከፍት በከበሮ ሊቀድማት አንዱን ሸክላ መንጭቆ አወጣና መርፌውን ጣለበት።

የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች አስተጋቡ።

መሃሉ ላይ ላለው አጭር ከበሮ ብሎ ከሚስ ኦርሊን የተዋሰው መዝሙር ነው። የእሱንም ወረቀት ልጦት ነበርና ከሌሎቹ አልለየውም።

መናፈሻው በሳቅ ፈረሰ። "ሳህኑን አዙሩዋ፣ ምጽዋት እንጣል" አለ ሴድሪክ።

ኦርላንዶ መርፌውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ቨርና በዓይኗ ከለከለችው። ዘማሪዎቹን ተከትላ ታጨበጭብ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ እንደማትቸኩል ሰው። ከዚያ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ያ የትናንቱ ግጥም አልነበረም።

"የእኛም ቤት ነደደ፣ የእናንተም ነደደ፤
ጭሱ ሰማይ ላይ ተቃቅፎ ሄደ።
ማን ጠየቀው ጭሱን ሰፈርህ የት ብሎ፤
ሰው ለምን ይጣላል አንድ አመድ ተካፍሎ?"

ከላይኛው መንገድ ልጆች አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ባለፈው ክረምት ቤታቸው የተቃጠለበት ልጅ ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። መዝሙሩ ከበሮው ላይ ሲደርስ ኦርላንዶ መርፌውን እየመለሰ እየመለሰ አራዘመው፣ ቨርናም በላዩ ላይ የነደዱትን ሕንጻዎች ነዋሪዎች በየስማቸው ጠራች፤ የታችኛውንም የላይኛውንም መንገድ ሳትለይ። ኦርላንዶ እጁ እየሠራ ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ። ያንን ሁሉ ስም መቼ ነው የያዘችው?

ሚስ ኦርሊን በመስኮት ብቅ አሉ። ኦርላንዶ ገመዱን አየ። የአሮጊቷ ሁለቱም እጆች ግን ሥራ ይዘዋል፤ ያጨበጭባሉ።

ሲያበቃ ሴድሪክ ተጠግቶ ራቁቱን የሚሽከረከረውን ሸክላ አጎንብሶ አየው።

"ማን ይባላል?" አለ፣ እንደማይነገረው እያወቀ።

ኦርላንዶ ቨርናን አያት። እሷ የማይኩን ገመድ እየጠቀለለች ነው።

"የሚስ ኦርሊን ነው። ገመዱን ተከተልና ጠይቃቸው" አለው። "ስትገባ ኮፍያህን አውልቅ።"

ሴድሪክ ደጃፉ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ መንገድ ላይ አወለቀው።