የማትነሳው መኪና

የሰፈሩ ሰው "ኢንጂነሩ" ይለዋል። መሐንዲስነቱ ያችን አሮጌ መኪናውን ከመነካካት አያልፍም፤ የቤቱ ቧንቧ ሲያፈስ ቢከርም ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ ደግሞ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ፀጉሩን ቅባት አጠጥቶ፣ ዳኛ ፊት እንደ ሙሽራ ተገትሯል። ሸሚዙን የተኮሰችው ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ታየዋለች። ይህን ጉድ ባል ብላ መያዟ ራሷን ይገርማታል።

ክሱ ቀላል ነው። ሰው ወደ ሥራው በሚጣደፍበት ጠዋት፣ መንገድ ዳር ባቆማት መኪና ውስጥ መሪውን ታቅፎ ሲያንኮራፋ ትራፊክ ፖሊስ አገኘው። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ምርመራውም ስካሩን አረጋገጠ። ሕጉ ደግሞ ባይነዳም እንኳ፣ ሰክሮ መኪና በቁጥጥሩ ሥር ያደረገውን ሰው መንጃ ፈቃዱን ይነጥቀዋል።

ጠበቃው ግን አፈ ጮሌ ነው። መኪናዋ ተበላሽታለች፣ የማትነሳ መኪና ደግሞ ከአልጋ አትለይም፣ ሰው አልጋው ላይ ሰክሮ ቢተኛ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው ሲል ተከራከረ። ኢንጂነሩም አንገቱን ደፍቶ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። አይ ዓይን አውጣ!

ሚስትየዋ አንጀቷ አረረ። መኪናዋ እንደምትነሳ እሷ ታውቃለች። በየጠዋቱ፣ የማታው መጠጥ ሳይለቀው፣ ትንሿን ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት በዚያችው መኪና ነው። ባለፈው ሰሞን አጥር ገጭቶ ልጅቷ ግንባሯ አብጦ ተመልሳለች። እናት ለመነች፣ አለቀሰች፣ ዘመድ ሁሉ መከረው፤ ወይ ፍንክች። ዛሬ ነፃ ከወጣ ነገም ልጅቷን ጭኗት ይሄዳል። እናትን ደግሞ ምስክር ብሎ የጠራት የለም።

ዳኛዋ መኪናዋ ትታይ ብለው አዘዙና ሁሉም ተያይዘው ፖሊስ መኪናዋን ጎትቶ ወዳቆመበት ግቢ ወጡ። የተመደበው መካኒክ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር፣ ጭጭ። ኮፈኑን ከፍቶ አየ፤ መልሶ ዘጋው። ይቺማ አልቆላታል፣ ለብረት ገዢ ስጧት አለ። ጠበቃው ፈገግ አለ።

የኢንጂነሩ ጆሮ ግን ደም መሰለ። ሚስቱ ይህን አየች። አብራው የኖረች ናት፤ እብሪቱ የት ጋ ሲነኩት እንደሚፈነዳ አይጠፋትም። ጠጋ ብላ በዝግታ አናገረችው።

"እውነቱን ነው እኮ። ድሮ ታስነሳት ነበር፤ አሁን ላንተም አልታዘዝ ብላለች።"

በቃ፣ አለቀለት። መካኒኩን በክንዱ ገፋ አደረገው። ጠበቃው እጅጌውን ቢይዘው አራገፈው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንድ ጫማውን አውልቆ የባትሪውን ገመድ በተረከዙ መታ መታ አድርጎ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማርሹን ወዝውዞ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ግቢውን አናጋው። ጅሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጭብጨባ ጠበቀ። ዐቃቤ ሕጉ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳኛዋም ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ለፖሊስ እንዲያስረክብ አዘዙት።

ሰውዬው የነቃው መንጃ ፈቃዱን ሲቀሙት ነው። ከፍርድ ቤቱ በር ሲደርሱ ሚስቱ ላይ አፈጠጠ።

"ደስ አለሽ? ነገ ልጅቷን ማን ሊያደርሳት ነው?"

"በእግራችን እንሄዳለን" አለችው። "ግን ትደርሳለች።"