ያለ ቦታው የገባ አንበሳ

ማኅተም ቀራጩ በኃይሉ እህቱ ካሰች መታሰሯን ሲሰማ ክው አለ። ካሰች! ዶሮ እሽ ለማለት እንኳ የምትሳቀቀው ካሰች!

ወንጀሏ ስሙኒ ነው። ታቦር ተራራ ግርጌ ካለው የቀበሌ ሱቅ ሳሙና ልትገዛ የሰጠችው ስሙኒ። የስሙኒ አንዱ ገጽ የአንበሳ ራስ ነው፤ ሌላው እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት። በካሰች ስሙኒ ላይ ግን ከወንድና ሴቱ ጀርባ የአንበሳ ጎፈር ብቅ ብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽፈራው ይህን ሲያይ፣ "አንበሳው ሰፊውን ሕዝብ ሊበላ ነው! የዘውድ ናፋቂ ቀርጾት ነው!" ብሎ ጮኸ። በአዋሳ ደግሞ ብረት ቀራጭ ሲባል የሚጠራው በኃይሉ ነው። እህቱን የያዟት እሱን ፈልገው መሆኑ ገባው። ቀበሌ ገብቶ የቀረውን ሰው ያውቃል። ቢሆንም ማጉያ መነጽሩን ይዞ ሄደ።

ካሰች ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች፤ አብዮት ጠባቂው ደምሴ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። በኃይሉ ስሙኒውን ተቀብሎ በጥፍሩ ዳሰሰው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በእጅ የተቀረጸ ይጎደጉዳል። ይሄ ወጣ ያለ ነው። ደግሞ ይመልከቱ፣ አንበሳው ፊቱን ከወዲያኛው ገጽ አንበሳ በተቃራኒ አዙሯል፤ እንደ ማኅተም ተገልብጧል። ሳንቲም የሚመታው በሁለት ማኅተም መሃል ነው። አንድ ቀን መሃላቸው ብረት ሳይገባ ሁለቱ ተጋጭተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ታትሟል።"

"ይህን ሁሉ ካወቅህማ የሠራኸው አንተ ነህ!"

በኃይሉ ስሙኒውን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። እውነት ተናግሮ ራሱን በገዛ አፉ ማሰሩ ነው እንዴ?

"እኔ ብሠራው አንድ ብቻ ነው የሚኖረው" አለ እየተንተባተበ። "ማኅተሙ ከተጋጨ ግን ከዚያ ወዲያ የወጣው ሁሉ እንዲህ ነው። ይፈለግ።"

የሱቁ መሳቢያ መጣ። ስሙኒው ሁሉ አንድ በአንድ ተገላበጠ። ምንም የለም። ካሰች ማልቀስ ጀመረች።

"አለቀ" አለ ሽፈራው።

"አላለቀም። የእርስዎ ኪስ ቀርቷል።"

በኃይሉ ራሱ አፉ ያወጣውን ማመን አቃተው። ሽፈራው ሊያሳፍረው ብሎ ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ፤ ቁልፍ፣ መሃረብ፣ አራት ስሙኒ።

ሽፈራው ሦስተኛውን ሲያዞረው እጁ ቀጥ አለ። ከወንድና ሴቱ ጀርባ ያው ጎፈር፣ ያው አፍ፣ ያው የተገለበጠ ፊት።

ደምሴ ስሙኒውን አየ፤ ሊቀመንበሩን አየ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። የሽፈራው ፊት አመድ መሰለ። እሱም ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ያየው ሰው በአዋሳ አልነበረም።

"ወንድሜ በኃይሉ" አለ ሽፈራው። "ሁለቱ ማኅተሞች ምን ሆኑ ነበር ያልኸው? እስቲ ድገመው። ቀስ ብለህ፣ ደምሴም ይስማ።"