ጫፉ ያልተቆረጠ ጨርቅ

«ያችን መኪና ባያበላሽ ኖሮ ዛሬም እኔ ጋ ነበር» አለ የላቫጆው ባለቤት፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን የሐዘን ቤት ሹክሹክታ ከጩኸት በላይ ይሰማል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከጎኑ ተቀምጧል። ቀና አላለም። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና እዚያ ያለውን ጨርቅ ጨበጠ።

ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነው። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተለቃቀሙ ስለሆኑ ለቀስተኛው አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ በግቢው ዙሪያ ተደርድሯል። ሻይ የሚያዞሩት አክስት ዝምታ ሲበዛ አይወዱም። ሟቹ መኪና ሲያጥብ ሕፃን ልጅ የሚያጥብ ይመስል እንደነበር አወሩ። «አንድ ቀን እኔንም እንዲህ እጠበኝ፣ መጨማደዴ ቢለቅልኝ አልኩት» ሲሉ አንዳንዱ ፈገግ አለና መልሶ አቀረቀረ።

ሰው ሁሉ ሟቹን የሚጠራው «ሁለት ባልዲ» እያለ ነበር። ሌላው አጣቢ በአንድ ባልዲ ሲጨርስ እሱ ያለ ሁለት አይሠራም። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። በሁለቱም ውስጥ ከታች የፕላስቲክ ወንፊት ያስቀምጣል፤ አሸዋው ከታች ይቅር፣ ከጨርቁ ጋር ተመልሶ አይውጣ ብሎ። መጀመሪያ መኪናዋን በውሃ ብቻ አጥግቦ አቧራዋን ያራግፋል። ከዚያ ከጣሪያ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር ያጥባል። ክብ የሚያሽ ሰው ካየ «ሊጥ መሰለችህ?» ይለዋል። ሴራሚክ የሚሉትን መከላከያ ያስቀቡ ሰዎች ከእንግዲህ ምንም አይነካትም ብለው ሲኮሩ ደግሞ ይስቅባቸዋል። «ቅቡስ ከፀሐይና ከጭቃ ይጠብቃታል። ከአጣቢዋ ማን ይጠብቃታል?»

መሬት የወደቀ ጨርቅ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ወደ መኪናዋ ገላ አይመለስም። ሁለት ባልዲ ከኪሱ መቀስ አውጥቶ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለጎማ ብቻ ነው። ላቫጆው በሙሉ ይህን ከእሱ ተምሯል። ጫፉ የተቆረጠ ጨርቅ ያየ ሁሉ የወደቀ መሆኑን ያውቃል።

የሟቹ ሚስት ባዶ ብርጭቆ ልትሰበስብ ስትመጣ የላቫጆውን ባለቤት ወሬ ሰምታ ነበር። «ልክ ነዎት» አለችው፣ ትሪዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዲት ጨርቅ መጠንቀቅ አቃተው። እኔንም እንዲህ አድርጎ ሄደ።»

ባለቤቱ አንገቱን ነቀነቀ።

መኪናዋ የተበላሸችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ቅዳሜ፤ መኪና እስከ በሩ ተሰልፏል። ታናሽ ወንድም ላቫጆው ውስጥ ሥራ ከጀመረ ገና ወሩ ነበር። ያስገባውም ታላቁ ነው፣ «ለእሱ እኔ አለሁ» ብሎ። የአንድ ደንበኛ መሐንዲስ ጥቁር መኪና ሴራሚክ ከተቀባች ሳምንቷ ነበር። ሁለት ባልዲ ሁሉን አጥቦ ኮፈኗ ብቻ ሲቀረው ስልክ ተደወለለት። «እስክመለስ እንዳትነካት» ብሎት ሄደ።

ነካት። ተራ የሚጠብቁት ባለመኪኖች ያዩት ነበር፤ እሱም እጅ እንዳለው ሊያሳያቸው ፈለገ። ጨርቁ ከእጁ ሙልጭ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ባለመኪኖቹ በዚያች ቅጽበት የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል። ግራ ቀኙን አየ። ሌላ ጨርቅ ለማምጣት መጋዘን መሄድ ነበረበት፤ ከሄደ ደግሞ መጣሉ ይታወቅበታል። ስለዚህ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ ነከር ነከር አደረገውና ኮፈኗን አሸ፤ በችኮላ፣ ክብ ክብ እያደረገ።

ጥላ ሥር ምንም አልታየም። ሰኞ መሐንዲሱ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሞ ሁሉንም አስጠራ። ብርሃኑ ባረፈበት ዙሪያ፣ ኮፈኗ የሸረሪት ድር ያደራባት ይመስል በጥቃቅን ጭረት ተሞልታለች። የላቫጆው ባለቤት የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀ። ሁለት ባልዲ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየው። ክብ ክብ መሆኑን አየ። ቀጥሎ የወንድሙን ፊት አየና፣ «የኔ ነው» አለ።

እዚያው ተባረረ። ሁለቱን ባልዲዎች አንዱን ባንዱ ውስጥ ከቶ ሲወጣ ታናሹ ተከተለው። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው ታላቁ የተናገረው።

«ጫፉን ቆረጥከው?»

«የምኑን?»

«የወደቀውን ጨርቅ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም የወደቀ ጨርቅ የለም።»

ሁለት ባልዲ ቆም ብሎ ትንሽ ጠበቀው። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ሁለተኛ አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ ከከተማ ዳር ከባድ መኪና ማጠብ ያዘ። እዚያ ሥራው ረጅም ብሩሽ ይዞ መሰላል መውጣት ነው፤ ባልዲዎቹ እቤት ቀሩ። ታናሹ በላቫጆው የእሱን ቦታ ወረሰ። ጨርቁን ግን መጣልም መቁረጥም አልሆነለትም። አልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ ደበቀው። ባለፈው ሳምንት መሰላሉ ሳሙና ላይ ተንሸራቶ ወንድሙን ከተሳቢው አናት ጣለው የሚል ስልክ ሲደወልለት፣ ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ ያነሳው ጨርቁን ነበር።

አሁን ከባለቤቱ አጠገብ ተነስቶ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። የወንድሙ ሚስት ብቻዋን ብርጭቆ ታጥባለች። የምታጥበው በባልዲዎቹ ነው፤ በአንዱ ሳሙና፣ በአንዱ ንጹሕ ውሃ።

«እትዬ» አለ። «መኪናዋን ያበላሸኋት እኔ ነኝ።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ጨርቁን አውጥቶ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጠው። መውደቁን፣ መንከሩን፣ መንገድ ላይ ተጠይቆ መካዱን ነገራት። ሲጨርስ ይቅርታ ሊል ጀመረ።

«ተው» አለችው። እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች። «የሞተ ዕለት ጠዋት ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?»

አላወቀም።

«ጨርቅ መያዝ ያቃተው ሰው መሰላል ላይ ምን ይሠራል፣ አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስለው ነበር። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።» ዓይኗ ደረቅ ነበር። «አንተ ቦታውን ወሰድክ። እኔን ደግሞ አፌን በሱ ላይ አስከፈትከኝ።»

ይህን መካድ አልቻለም።

የሁለት ባልዲ መቀስ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አወረደችው። ጨርቁን አንስታ ጫፉን ቆረጠች፤ ባሏ ሲቆርጥ ለዓመታት ያየችው ነውና እጇ አልተሳሳተም።

«ለጎማ» ብላ ሰጠችው። ጀርባዋን አዙራ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች።

ታናሽ ወንድም ወደ ግቢው ወጥቶ የቀድሞ ቦታው፣ የላቫጆው ባለቤት አጠገብ ተቀመጠ። ባለቤቱ አሁንም ያወራል፤ ልቡ ደግ ነበር፣ እጁ ነው እንጂ እያለ። ታናሹ ጨርቁን ወንድሙ እንደሚያጥፈው አራት ቦታ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አኖረው። መዳፉን ከላዩ ጫነበት። ባለቤቱ ወሬውን አቋርጦ ወደ ጨርቁ ሲዞር፣ የተቆረጠው ጫፍ እንዲታይ እጁን አነሳ።