ኃይለኛ የሚባለው ዝናብ ነው

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መዝገቤ» ይሏታል፤ መዝገበ ቃላት ሳትገልጥ ትተረጉማለች ለማለት ነው። ያን ቀን ግን ለአንዲት ቃል ስትል ገለጠች። የውጭ አገር ሐኪም በእንግሊዝኛ የጻፈው ማስረጃ ለፍርድ ቤት ሊተረጎም መጥቶ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «ሳቬጅ» የምትል ቃል ተቀምጣለች። መዝገበ ቃላቱ መቼም ቸር ነው፣ አራት ትርጉም ደረደረላት፦ ያልተገራ፣ ኃይለኛ፣ ጨካኝ፣ አውሬ። እሷም «ኃይለኛ ጥቃት» ብላ ጻፈችና ለአራሚው ሰጠች።

አራሚው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ቃሏን በቀይ ከበው መለሱላት።

«ኃይለኛ የሚባለው ዝናብ ነው፣ መዝገቤ» አሏት። «ይሄ ሰውዬ እኮ ሚስቱን አልጋ ላይ በሽቦ አስሮ፣ ካውያ ሰክቶ፣ እስኪግል ድረስ ቁጭ ብሎ ጠብቋል። ዝናብ እንዲህ ይጠብቃል?»

ለይስሙላ ሳቀች። ያልነገረቻቸው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሰፈረው የተከሳሽ ስም የታላቅ ወንድሟ መሆኑን ነው። መዝገቡን ያኔውኑ መመለስ ነበረባት፤ ደንቡን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ፣ «ኃይለኛ» የምትለዋን ቃል የተማረችው ከእንግሊዝኛው በፊት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ይኸው ወንድሟ በካውያ ባቷን ሲጠብሳት፣ እናቷ ቅባት እየቀባች «ኃይለኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» ብላታለች። የጎረቤት ውሻ እግር ሲሰብር ኃይለኛ ነው። የሚስቱን ጥርስ ሲያረግፍ ኃይለኛ ነው። በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ አስተርጓሚ እናት ነበረች።

ምሳ ሰዓት ላይ ጭንቀቱ አላስቀምጥ ቢላት ለዚያችው እናት ደውላ መዝገቡ እጇ መግባቱን ነገረቻት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከሥራ ስትመለስ እናቷና ወንድሟ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። እሱ በዋስ ተፈቷል። እናት እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ጠበቃው «ጭካኔ» የሚል ቃል ከገባ እስራቱ እጥፍ ነው ብሏል፤ አንዲት ቃል ናት፣ «ኃይለኛ» ብላ ብትተወው ምን ይጎድልባታል፣ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም ወይ እያለች ለመነቻት። ልጅቷ እሺ ልትል ነበር፣ ማንም ያን ጊዜ ቢያያት እሺ ትላለች ይል ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ቃሉ ኃይለኛ አይልም» አለችው።

አልጮኸም። ተነሥቶ በሩን ቆለፈ፣ ከመደርደሪያው ካውያዋን አውርዶ ሰካ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። የተናደደ ሰው ይገነፍላል፣ ይሳደባል፣ እቃ ይወረውራል። እሱ ስልኩን ይነካካ ነበር። ውሃ ስጪኝ አለ፣ እናት ቀድታ ሰጠችው። ወይ ነዶ! ያችን ብርጭቆ ፊቱ ላይ ብትደፋበት ምን ነበረበት!

ልጅቷ ወደ በሩ ሮጣ መያዣውን ስታናውጥ ካውያው ግሎ ቀዩ መብራት ጠፋ። ፀጉሯን ጨምድዶ ወለሉ ላይ ጣላት። ክንዷን በጉልበቱ ተጭኖ የምትጽፍበትን እጇን ዘረጋና ካውያውን ጫነበት። መጀመሪያ የሰማችው ቆዳዋ ሲጮኽ ነው፤ ከዚያ የራሷ ሥጋ ሲጠበስ ሸተታት። ጉልበቱን ከነሱሪው ነክሳ ቦጨቀችው። በጫማው አፏን መታት፤ ሁለት ጥርሶቿ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ።

«አሁን ኃይለኛ ብለሽ ጻፊ» አላት። ትንፋሹ እንኳ አልፈጠነም።

እሱ ከወጣ በኋላ እናት የልጅቷን እጅ በፋሻ ጠቀለለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ እንደገና ያችኑ «ኃይለኛ ነው» የምትለዋን ቃል ወለሉን እያየች ተናገረች።

በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ በግራ እጇ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በተጣመመ ፊደል፣ «ጭካኔ የተሞላበት ጥቃት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ተከሳሹ ወንድሜ ነው» የሚል ጨመረችና ለጋሼ ወስዳ ሰጠቻቸው። አነበቡት። ፋሻውንና ያበጠ አፏን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኮ ይጣላል፣ ልጄ» አሏት በቀስታ። «እህት የተረጎመችውን ማንም አይቀበልም።»

«ይጣል። እኔ ምስክር ልሆን ነው የመጣሁት።»

ፋሻውን ፈታች። የካውያው ሹል ጫፍ እጇ ጀርባ ላይ ልቅም ብሎ ታትሟል፤ ሐኪሙ ማስረጃው ላይ ከሣለው የሚስቲቱ የጀርባ ጠባሳ ጋር አንድ ነው። ጋሼ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን እንደነበረ ጠየቋት።

«እናቴ። እሷም ትጠራ» አለች። «ኃይለኛ ነው ብላ ትመሰክራለች። ያቺን ቃል ለዳኛው እኔ እተረጉማታለሁ።»