ሦስተኛው ጥሪ

«ዛሬ ሰማይ ቢወርድ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለ አበረ፣ ለብ ያለ ውኃ በሞላው ገበቴ ውስጥ እግሩን እንደነከረ።

ሚስቱ የብርጓል ማሸቷን ትታ ቀና ብላ አየችው። አበረና ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ! ድመት ወተት ጠላች ቢሏት ለማመን ይቀላት ነበር። ቅዳሜ የአምበር ገበያ የሚቆምበት ቀን ነው፤ ሲመሽ ደግሞ አበረ ጠላ የተጠመቀበትን ቤት በአፍንጫው እየለየ ይዞራል። የሚዞረው ለመጠጣት ብቻ አይደለም፣ ለማሳቅም ነው። እግዜር አበረን መሬት ነፍጎታል፣ ቁመትም ነፍጎታል፤ ጉሮሮ ግን መርቆ ሰጥቶታል። ያገሩ ሰው ድምፅ ሁሉ እዚያ ጉሮሮ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል። መሪጌታው ሲያስነጥሱ፣ ጭቃ ሹሙ ሲቆጣ፣ አማቱ እመት ታየች ዶሮ ሲያባርሩ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው ሰዎቹ ራሳቸው ከጎንህ የቆሙ ነው የሚመስልህ። አንዴማ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ተደብቆ፣ በቄሰ ገበዙ ድምፅ «ዛሬ ጾም የለም» ብሎ ግማሹን መንደር እርጎ አስጠጥቷል። የዚያ ንስሓ እስካሁን አላለቀም።

ዛሬ ግን ያ ጉሮሮ ተዘግቶ ነው የመጣው። አህያዋን አራገፈ፣ የገዛውን ጨው ጥግ ላይ ወረወረ፣ መደቡ ላይ ተዘረረ። አህያዋን እንኳ አልሰደባትም።

የብርጓል የከፋው ሰው በጥያቄ እንደማይድን ታውቃለች። ስለዚህ አልጠየቀችውም። እሳቱ ላይ የወይራ ጉማጅ ጨመረች፣ አጎዛ አነጠፈችለት፣ እግሩን አጠበችው፣ ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ ቆልላ እንደ ሙሽራ አስቀመጠችው። የገብስ ገንፎ አገነፋች፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። ከዚያ ሄዳ በሩን ቀረቀረችው። ውጭ የጥቅምት ነፋስ ከግቢው ግርጌ ካለው ገደል አፍ እየተነሣ በሣር ክዳኑ ላይ ያፏጫል። ውስጥ ግን እሳቱ ይንጣጣል፣ ገንፎው ይጨሳል፣ ቅቤው ቀስ እያለ ወደ ጆሮው ግንድ ይወርዳል። ጣልያን የሚባል ፍጥረት ባሕር ተሻግሮ የመጣ አይመስልም ነበር።

አበረ ወደ ገንፎው ተጠጋ። አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሊጎርስ እጁን ሲሰድ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«መከተ የታለ?»

መከተ ውሻቸው ነው። ገንፎ ከተገነፋ መከተ በሩ ሥር አፍንጫውን ሰክቶ ያለቅሳል እንጂ ዝም አይልም።

«አመሻሽ ላይ አይቸዋለሁ፣ በበረቱ በኩል» አለች የብርጓል።

«መከተ!» ብሎ ጠራ አበረ። ነፋሱ ብቻ አፏጨ።

እጁን ከገንፎው መለሰ።

«ምነው?» አለች አሁን። «እንደው ምን ሆነሃል? ገንፎ የሚተው ሰው ደኅና አይደለም።»

«የብርጌ፣ ወንድምሽ ዛሬ ይመጣል?»

«ጨው አምጥተህ የለ? ጨው ባለበት ቅዳሜ መቼ ቀርቶ ያውቃል?»

ወንድሟ እንዳላማው የአበረ አብሮ አደግ ነው፤ ከብት አብረው ጠብቀዋል፣ አብረው ተገርፈዋል። ጣልያን አምበር ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ግን እንዳላማው ጫካ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ አበረ ከጠላ ቤት ከተመለሰ በኋላ፣ ከገደሉ ይወጣና ጨውና በሶ ይዞ ይመለሳል። አመጣጡም ደንብ አለው። በዚያ አገር ማታ ስምህን ከውጭ ቢጠሩህ፣ አንዴ ቢሉህ ዝም ነው፣ ሁለቴ ቢሉህም ዝም። ሰይጣንም የሰው ስም መጥራት ያውቃል፤ ሦስት ማድረስ ግን አይሆንለትም፣ ሦስተኛው የሥላሴ ነው። ሰው የሆነ ሰው ሦስቴ ይጠራል፤ ባለቤቱም በሦስተኛው «አቤት» ይላል። እንዳላማውም ከገደሉ አፍ፣ ከወይራው ሥር ሆኖ ሦስቴ ይጠራል። «አቤት» ሲባል ይወጣል።

አንድ ቀን አበረ በጨዋታ «በሦስተኛው ዝም ብልህስ?» ብሎት ነበር።

«ሞታችኋል ብየ በሩን ሰብሬ እገባለሁ» አለው እንዳላማው። «ሳልቀብራችሁማ አልሄድም።»

ሰውየው እንዲህ ነው። ቀልድ አያውቅም።

«ተናገር» አለች የብርጓል።

አበረ እሳቱን እያየ ተናገረ።

የባንዳው አለቃ ሹምባሽ ወልደ ሰንበት ገበያው መሀል፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ አረቄ ይጠጣ ነበር። «ያ ቀልደኛ ይምጣ!» አለና አስጠራው። አበረ ፈርቶ ነው የሄደው። መጀመሪያ የጣልያኑን ሻምበል ሠራለት፤ ባንዳው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ በድፍረት ራሱን ወልደ ሰንበትን ሠራው፣ ከነጎርናና ድምፁ፣ ከነሳሉ። ያች ደረቅ ሳል መጨረሻዋ ላይ እንደ አሮጌ በር ታንቋርራለች። ወልደ ሰንበት እንባው እስኪወርድ ሳቀና ብርሌ ሙሉ አረቄ ሰጠው። አረቄው ሞቀው። ሳቁ ደግሞ ከአረቄው ባሰ፤ ሳቅ ለአበረ እንደ ማር ነው፣ ጣቱን ከነከረ እስከ ክንዱ ሳይልስ አይወጣም።

«የእንዳላማውንስ ትችለዋለህ?» አለው ወልደ ሰንበት፣ እየሳቀ።

አበረ ፉከራውን ሠራ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ምን ቸገረው። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። «ጨምር!» አሉት። ጨመረ። ጨመረና ጨመረና...

«ጥሪውን?» አለች የብርጓል። ድምፅዋ አልጨመረም፣ ይልቅ ቀነሰ።

«ሦስቱንም» አለ አበረ። «ቅዳሜ ማታ ከገደሉ አፍ እንዲህ እያለ ይቀሰቅሰኛል አልሁ። ሁሉም ሳቀ። ወልደ ሰንበት ብቻ መሳቁን ተወ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ከመምህሩ አፍ ቃል እየተቀበለ እንደሚቀጽል ተማሪ።»

የብርጓል በቅቤ የወዛ እጇን ከጭኗ ላይ አነሣችና አየችው። ያን እጅ በፊቱ ላይ የምታሳርፈው መስሎት አበረ ዓይኑን ጨፈነ። ብትመታው በወደደ። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ያንን ሁሉ አውቀህ» አለች፣ «እግርህን ታሳጥበኛለህ?»

አበረ እግሩን ከገበቴው አወጣ።

«ተነሥ! ወደ ገደሉ ውረድና ከመንገድ ጠብቀህ መልሰው። ጨረቃዋ ሳትወጣ። ተነሥ እንጅ አንተ አፈ ልቅ!»

ተነሣ። ውኃው ከእግሩ ላይ እየተንጠባጠበ ዱላውን አነሣ። ትንሽ ቀደም ብሎ ሰማይ ቢወርድ አልወጣም ያለው ሰውየ፣ አሁን ከዚያ ቤት ለመውጣት ነፍሱን በሰጠ። መቀርቀሪያውን ያዘ።

ያኔ ነው የሰማት።

ሳል ናት። ደረቅ፣ በመዳፍ የታፈነች፣ ከበረቱ ጀርባ። መጨረሻዋ ላይ እንደ አሮጌ በር አንቋረረች።

አበረ እጁን ከመቀርቀሪያው ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ። የብርጓልም ሰምታለች። መከተ ለምን እንዳልጮኸ አሁን ገባቸው። እሳቱ ተንጣጣ፤ ሁለቱም እሳቱን «ዝም በል» ሊሉት ምንም አልቀራቸው። ከበረቱ ላሚቱ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፣ የማታውቀው ሰው ጀርባዋን ሲነካት እንደምትተነፍሰው።

ከዚያ ከገደሉ አፍ መጣ።

«አበረ!»

አጭር ነው፣ እንደ ምሳር ምት። የብርጓል የባሏን ክንድ ጨመቀችው።

«እሱ ነው ወይስ ያ ባንዳ?» አለች በትንፋሽዋ።

አበረ አዳመጠ። ድምፅ የሚሰርቅ ሰው የተሰረቀ ድምፅ አያመልጠውም። ይህ የተሰረቀ አልነበረም። እንዳላማው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል፤ ትንፋሹ በዚያች ሽራፊ ሾልኮ ይወጣል። ማንም የማይሠራት አበረ ብቻ የሚሠራት ናት። ወልደ ሰንበት መጥራቱን አልተማረም ማለት ነው። ሰዓቱንና ቦታውን ነው የተማረው። ሲጠራ ሰምቶ፣ ሲወጣ ሊቀበለው።

«ራሱ ነው» አላት።

በሦስተኛው «አቤት» ካለ እንዳላማው ይወጣል። ዝም ካለ ሞታችኋል ብሎ ይወጣል። ሁለቱም መንገድ በበረቱ ጀርባ ነው የሚያልፈው።

«አ...በረ!»

ሁለተኛው ረዘም ያለ ነው። ከፊተኛው ቀረብ ብሏል። ይህ ሰው ዛሬ ምን አስቸኮለው?

የብርጓል አንገትዋ ላይ ያለውን ማተብ በጥርሷ ነከሰች። አበረ ግን ጉሮሮውን እየዳበሰ ነበር፣ ሰው ከመጋዙ በፊት የመጋዙን ጥርስ እንደሚዳብስ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የማውቀውን» አላት።

በሩ ሥር በርከክ አለ። መጀመሪያ ሳለ። ያችኑ ሳል፣ ከነመንቋረሯ። ከዚያ አፉን በር ስንጥቁ ላይ ደቅኖ አንባረቀ፤ ያንባረቀው ግን አበረ አልነበረም፣ ሹምባሽ ወልደ ሰንበት ነበር በአበረ ጉሮሮ።

«እናንተ ደንቆሮዎች! ምን ትጠብቃላችሁ! ሁላችሁም ከበረቱ ጀርባ ውጡ! ወደ በሩ! ጠመንጃ አቀባብሉ!»

«አቤት ሹምባሽ!» አለ አንዱ ከውጭ። «አቤት!» አለ ሌላው። የጠመንጃ ቃታ ተንቋቋ፣ እግር በእግር ላይ ተደራረበ፣ አንዱ የእበት ክምር ላይ ወድቆ እናቱን ተራገመ። መንደሩ የሚሰማው ኳኳታ ነበር።

«አህዮች!» የሚል ሌላ ወልደ ሰንበት ከበረቱ በኩል ጮኸ። «እኔ እዚህ አይደለሁም ወይ! ማን ጠራችሁ?»

ለአንድ አፍታ ሁለት ወልደ ሰንበት በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኑና ባንዳዎቹ የትኛውን እንደሚሰሙ ጠፋቸው። በዚያች አፍታ ከገደሉ አፍ ድንጋይ ተንከባለለ። አንድ ሰው፣ ወደታች፣ በሩጫ።

«ያውና! በለው!»

ተኮሱ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ገደሉ እያንዳንዷን ጥይት ተቀብሎ መልሶ ጮኸባት። ድንጋዩ መንከባለሉን አላቆመም፤ ሰው ይሁን የሚንከባለለው ድንጋይ ይሁን የሚለይ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

የብርጓል መሬቱ ላይ ተቀምጣለች። አበረ እንዴት እንደተቀመጠች አላየም። ገንፎው ቀዝቅዞ መሀሉ ላይ ያለው ቅቤ ነጭ ሆኗል።

እርምጃ መጣ። የጫማ ነው፣ ያለ ችኮላ። በሩ ላይ ያረፈው ሰደፍ አልነበረም፣ ጣት ነው፤ ፍም ሊበደር እንደመጣ ጎረቤት ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«ጎበዝ ነህ» አለ ወልደ ሰንበት። «ሳሌን እንኳ አልተውህልኝም። አሁን የሚስቅ ግን የለም። እስቲ ደግሞ በራስህ ድምፅ አናግረኝ።»

አበረ አፉን ከፈተ። መሪጌታው መጡ፣ ጭቃ ሹሙ መጣ፣ እመት ታየች መጡ፤ ሁሉም ጉሮሮው በር ላይ ተጋፉ። የራሱን ፈለገ። የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። ቅቤው ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ የብርጓል ተነሥታ መጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፣ ቀስ አድርጋ። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም። ጆሮዋም ከበሩ ወዲያ ካለው ሰውየ አልፎ፣ ከግቢው አልፎ፣ ገደሉን ተሻግሮ ሄዷል። ሌሊቱን የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድሜ ተርፏል?

«ልስበረው ሹምባሽ?» አለ አንዱ ከውጭ።

«ቆይ» አለ ወልደ ሰንበት። «ይናገር።»

ያኔ ከገደሉ ማዶ፣ ከሩቅ፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ፣ በተሸረፈ ጥርስ እያፏጨ መጣ።

«አ...በ...ረ!»

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ውጭ በጨለማ ውስጥ አንዱ ባንዳ ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ወደየት እንደሚያነጣጥር ግን አላወቀም፣ ማዶ ሩቅ ነው።

ሦስተኛው ነው። በሦስተኛው ዝም አይባልም።

አበረ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባናው ከትከሻው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። በእርጥብ እግሩ ሁለት እርምጃ ተራመደና እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ገደሉ ማዶ እስኪሰማ ድረስ፣ የማንም ባልሆነ፣ ከብት ጠባቂ ሳለ በነበረው ድምፅ ጮኸ፦

«አቤት!»